ጎጃም ምስክር ከተጠራ ይመስክር፦ «ዕድገት ወሰን የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ዕድገት ወሰን የለውም» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ደፋርና ተስፋ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው «ምድር ውሱን ስለሆነች ኢኮኖሚ ለዘላለም ሊያድግ አይችልም» የሚለውን ሐሳብ የጠገቡ ሰዎች ፍርሃት ይሉታል። ለክርክራቸው ጎጃምን ምስክር ጠርተዋል። ይህን ምላሽ ያስጻፈውም ይኸው ነው።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ልድገመው። አንደኛ፣ «ሀብት ሊያልቅ ነው» ያሉ ሁሉ ሲሳሳቱ ኖረዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ሲወደድ ቴክኖሎጂ ወይ ምትክ ያመጣል፣ ወይ ካለው የበለጠ ያስገኛል፤ ጎጃም ውስጥ በሄክታር 15 ኩንታል ይሰጥ የነበረው በቆሎ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ 40 እና ከዚያ በላይ መግባቱ ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ የዛሬ ዕድገት ከአገልግሎትና ከዲጂታል ሥራ ስለሚመጣ ክብደት የለውም። አራተኛ፣ አገር መጀመሪያ ይበለጽጋል፤ አካባቢውን የሚያጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛ፣ ለድሃ ስለ ገደብ መስበክ ግፍ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጎጃም ማደግ አለበት። ዕድገቱ ምን እየበላ እንደሚያድግ ያልመዘገበ ሒሳብ ግን ግማሽ ሒሳብ ነው፤ ሌላኛው ግማሽ ሲታይ የጎጃም ምስክርነት ጸሐፊውን አይረዳም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያልደረሰው ትንቢት

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በ1980 የሥነ ሕይወት ምሁሩ ፖል ኤርሊክና የኢኮኖሚ ምሁሩ ጁሊያን ሳይመን በአምስት ብረቶች ዋጋ ተወራርደው ነበር። ኤርሊክ ይወደዳሉ አሉ፤ ሳይመን ይረክሳሉ አሉ። በ1990 የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ሲሰላ የአምስቱም ዋጋ ወርዶ ተገኘ፤ ኤርሊክ የ576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ላኩ። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው።

ውርርዱ የለካው ግን የአሥር ዓመት የገበያ ዋጋን ነው። መነሻ ዓመቱ ቢለወጥ አሸናፊውም ሊለወጥ ይችል ነበር። ዋጋ ዕቃው ዛሬ ምን ያህል በቀላሉ ገበያ እንደሚወጣ ይናገራል፤ ከሥር ስንት እንደቀረ አይናገርም። ናፍጣ ርካሽ ሆኖ ማሽን ተራራ ሲንድ ብረት ይረክሳል፤ ተራራው ግን ተንዷል። ማዕድኑ፣ ነዳጁ፣ አሸዋና ጠጠሩ፣ እህሉና እንጨቱ ተደምሮ ዓለም በ1970 ያወጣችው ጥሬ ዕቃ ወደ 30 ቢሊዮን ቶን ነበር። ዛሬ በዓመት ከ100 ቢሊዮን ቶን በልጧል።

ደግሞም «ወሰን የለውም» ከባድ አነጋገር ነው። ዓለም ዛሬ የምትጠቀመው ኃይል በአማካይ ወደ 19 ሚሊዮን ሜጋ ዋት ይደርሳል። የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ስለሆነ፣ ሌት ተቀን በሙሉ አቅም የሚሠሩ 3,700 ያህል ሕዳሴዎች ማለት ነው። ፍጆታው በዓመት 2.33 በመቶ ብቻ ቢያድግ በየ100 ዓመቱ 10 እጥፍ፣ በ400 ዓመት 10,000 እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የሰው ልጅ የሚፈልገው ኃይል ከፀሐይ መጥቶ መላዋን ምድር ከሚመታው 174 ቢሊዮን ሜጋ ዋት ብርሃን ይበልጣል። 400 ዓመት ሩቅ ከመሰለ፣ ፔድሮ ፓኤዝ ሰከላ ወጥተው ግሽ ዓባይን ካዩበት ከ1618 እስከ እኛ ያለው ዘመን ነው። ጣራው የት ጋ እንደሆነ እንከራከር፤ ጣራ የለም የሚል ሰው ግን መጀመሪያ ይህን ማባዛት ያፍርስ።

«እስካሁን አልቆመም» የሚለውም ቢሆን ብዙ አያስኬድም። ጣና ላይ በ2011 የታየው እንቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከአንድ ሄክታር ተነሥቶ 18 ጊዜ ቢታጠፍ፣ ማለትም በ36 ሳምንት፣ 262,144 ሄክታር ይሆናል፤ ሐይቁ በጠቅላላ 300,000 ሄክታር ያህል ነው። ሐይቁን ግን አልሸፈነውም። ማዕበሉ፣ ነፋሱ፣ ጥልቀቱና የሰው እጅ ከዳር ይዘው አስቀሩት። እንዲህ የሚያድግን ነገር የሚያቆም ነገር ሁልጊዜ ይገኛል። ልዩነቱ የሚያቆመው ነገር እኛ አስበን ያበጀነው ነው ወይስ ሳናስበው የሚመጣብን በሚለው ላይ ነው።

«በቆሎው 40 ኩንታል ገባ»

የጽሑፉ እምብርት ይህ ነውና እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ምርቱ መጨመሩ እውነት ነው። እንደ ቢኤች 660 ያሉ ድቅል ዝርያዎች፣ ኋላም ሊሙ፣ ቡሬን፣ ጃቢ ጠህናንንና ሜጫን የበቆሎ አገር አድርገዋል። አሁን ከማሳው የሚወጣውንና ወደ ማሳው የሚመለሰውን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የ40 ኩንታል በቆሎ ፍሬ ብቻውን ወደ 60 ኪሎ ናይትሮጂንና ወደ 12 ኪሎ ፎስፎረስ ይዞ ይወጣል። አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ሲሄድ አሥር አሥር ኪሎ እየተባለ የሚቆጠር ፖታሲየም አብሮት ይሄዳል። የሚመለሰውስ? 100 ኪሎ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጂን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት (ፎስፎረሱ ብቻ ሲቆጠር 16.6 ኪሎ ያህል) እና 7 ኪሎ ድኝ አለ። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይጨምራል። በሁለቱም ፖታሲየም የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየምም የሉም። ይህን ጉድለት ይሞላ የነበረው ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ናይትሮጂኑ በጭስ ይወጣል፤ አመዱም ብዙ ጊዜ ከጓሮ አያልፍም።

የባሰው አሲዱ ነው። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ከጥንትም ዝናብ የሚያጥበው አፈር ነው። በዚያ ላይ ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይለቃል፤ 100 ኪሎ ዩሪያ የሚተወውን አሲድ ለማርከስ ወደ 80 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይጠይቃል። ዩሪያ በገዛ ቁጥር 80 ኪሎ ኖራ አብሮ የሚገዛ ገበሬ የለም፤ ግዛ ያለውም የለም። ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 እየወረደ ሲሄድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነድናል፤ ሥር ወደ ታች መሄድ ያቆማል። ፎስፎረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቆለፋል። ገበሬው ኤንፒኤስ በትኖ የበቆሎው ቅጠል ሐምራዊ ሆኖ ሲቀጭጭበት «ዘንድሮ የመጣው ማዳበሪያ አይረባም» ይላል። ማዳበሪያው ደኅና ነው፤ አፈሩ ይዞት ነው። መጠን ቢጨምር ለአንድ ዓመት ይሻለዋል፤ የጨመረው ዩሪያ ግን ለሚቀጥለው ዓመት አሲድ ያስቀምጥለታል። ገብስና ስንዴ ቀድመው ይሸነፋሉ፤ ቀጥሎ መሬቱ ለባሕር ዛፍ ይለቀቃል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲድ እንደነካው ይገመታል።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ጸሐፊው «ቴክኖሎጂ ይፈታዋል» ያሉት በአንድ ሄክታር ላይ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል። ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ናሙና ይወሰዳል። ላቦራቶሪው ተለዋጭ አሲዱን በኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል (የአሲድ መጠን መለኪያ ነው) አገኘው እንበል፤ የአፈሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.2 ግራም ይሁን። ያ የ15 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 1,800 ቶን ይመዝናል፤ አሲዱን ለማርከስ 1,800 ኪሎ ኖራ፣ ለማሳ ሁኔታ በ1.5 ሲባዛ 2,700 ኪሎ ይፈልጋል። 27 ኩንታል በሄክታር፣ ለአንድ ጥማድ ወደ 7 ኩንታል መሆኑ ነው። ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ አፈሩ እርጥበት ይዞ እያለ፣ እኩል ተበትኖ ወዲያው መታረስ አለበት። ላይ የቀረ ኖራ አሲዱን አያገኘውም። በደንብ ያልደቀቀ፣ ጠጠርማ ኖራ ለዓመታት ተቀምጦ ምንም አይሠራም። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን ከተበተነ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና ነው።

አሁን በ1,000 ሄክታር እናባዛው፤ 2,700 ቶን ይሆናል። ደጀን ላይ ድንጋይ ተፈልጦ፣ በኤሌክትሪክ ተፈጭቶ፣ በ40 ቶን መኪና 68 ጊዜ ተመላልሶ የሚደርስ ነው፤ ያውም እስከ ቀበሌው መንገድ ዳር ድረስ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አህያ ነው። ኖራ ይበተን ባይ ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ የመንግሥት ወጪ ብዙ አላውቅም። ግን ስሙን በስሙ እንጥራው፤ ዕዳ መክፈል ነው። የአገር ሀብት ሒሳብ የኖራውን ሽያጭ፣ የመኪናውን ኪራይና የዩሪያውን ግዥ ሁሉ ዕድገት ብሎ ይመዘግባል፤ የአፈሩን መጎዳት የሚመዘግብበት መስመር የለውም። የዘር እህሉን እየፈጨ የበላ ሰው «የዘንድሮ ጎተራ ከአምናው ይበልጣል» እንደሚለው ነው።

ምትክ ስለሚባለውም ሁለት ነገር። ናይትሮጂን ከአየር ይሠራል፤ መሥሪያው ግን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2022 ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ አብሮ ሰማይ የወጣው ለዚህ ነው፤ በ2023 ክረምት መባቻ የጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ እስከ ባሕር ዳር ሄዶ ጮኋል። ፎስፎረስ ደግሞ አይሠራም፤ ይቆፈራል። ከታወቀው የዓለም ክምችት 70 በመቶ ያህሉ ሞሮኮና ምዕራብ ሰሐራ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ዘረ መል የለም፣ ሕዋስም ኃይል አያጓጉዝም፤ ስለዚህ ዋጋው ምንም ያህል ቢወጣ ምትክ አይመጣለትም። ነገ ያልቃል አልልም፤ በዛሬው ፍጆታ የታወቀው ክምችት ከ200 ዓመት በላይ ያዘልቃል። ቀድሞ የሚሞላው መድረሻው ነው። ከአፈር ጋር የተጣበቀው ፎስፎረስ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። በአማካይ ዘጠኝ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ያለ ሐይቅ ይህን ሲቀበል እንቦጩ ይፋፋል። በዶላር የተገዛ ማዳበሪያ ነው ጣና ላይ በሰው ጉልበት የሚታጨደው።

ካለው የበለጠ ማስገኘት ይቻላል ለሚለው ከበቆሎው የተሻለ ምሳሌ እዚሁ አለ፤ ጸሐፊው ዘለሉት እንጂ። የጣና ውኃ ጢስ ዓባይ ላይ ከ50 ሜትር ባነሰ ከፍታ እየወረደ በ1964ቱና በ2001ዱ ጣቢያ ተደምሮ 84 ሜጋ ዋት ያህል አቅም ነበረው። ከ2010 ወዲህ ያው ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ተጠልፎ 311 ሜትር ስለሚወርድ የጣና በለስ ጣቢያ አቅም 460 ሜጋ ዋት ነው። ግሩም ብልሃት ነው። ሆኖም አንድ ባልዲ ውኃ በሁለቱም በኩል አይወርድም፤ በለስ የሄደው ከጢስ ዓባይ የተነሣ ነው፤ ፏፏቴው በበጋ የሳሳውም ለዚህ ጭምር ነው። ደግሞ ብልሃቱ የአንድ ጊዜ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውኃ 311 ሜትር ሲወርድ የሚይዘው ኃይል 0.85 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ጥሩ ተርባይን ከዚህ 90 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የቀረው ያቺ አሥር በመቶ ናት። ከዚህ ውኃ እንደገና አምስት እጥፍ የሚያወጣ መሐንዲስ የለም፤ የዚህ ጣቢያ ከፍታ አልቋል። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ ከ15 ወደ 40 የወሰደው መንገድ ከ40 ወደ 107፣ ከ107 ወደ 285 በዚያው ፍጥነት አይወስድም። «ወሰን የለውም» የሚለው ግን በየዓመቱ ያንኑ መቶኛ ይጠይቃል።

ለጸሐፊው ክርክር ሌላም የሚጠቅም ነገር ልጨምር፤ የአዊ ዲከረንስ፣ የግራር ወገን የሆነ ዛፍ ነው። ፋግታ ለኮማና እንጅባራ ዙሪያ በአሲድ የተዳከመ መሬት ላይ ችግኙ ይተከላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ አብሮት ይዘራል፤ ሁለተኛና ሦስተኛውን ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛ በአምስተኛው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ወደ ጤፍ ይመለሳል። ዛፉ ናይትሮጂን ከአየር ያስራል፤ ለገበሬው ገንዘብ አመጣ፤ መሬቱም አገገመ። ማንም ባለሙያ ቢሮ ተቀምጦ ያላቀደው፣ ገበሬው ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው። ከዚያ ሁሉም ያንኑ ዛፍ ተከለ፤ ኮረብታ ከኮረብታ ተገጣጠመ፤ ከ2020 ገደማ ወዲህ ዝገት የሚመስል ፈንገስ ገብቶ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየዘለለ አደረቀው። ዘዴው ትክክል ነበር። የጎዳው ሳይቆም መስፋቱ ነው።

ክብደት የሌለው ዕድገት

ጸሐፊው እንግሊዝንና ስዊድንን ጠቅሰዋል። ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ኢኮኖሚያቸው እያደገ የካርቦን ልቀታቸው ወርዷል፤ ከውጭ የሚገዙት ዕቃ ልቀት ተጨምሮም ቢሆን። እንግሊዝ በ2024 የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ዘጋች። ከሰልን ግን ሁለት ጊዜ መዝጋት አይቻልም፤ የበለሱ ነገር እዚህም ይሠራል። ካርቦን ደግሞ ከብዙዎቹ ሒሳቦች አንዱ ብቻ ነው።

ዲጂታል ሥራ ምድርን አይነካም ለሚለው ደግሞ ሩቅ አንሂድ። አገራችን የገቡት የቢትኮይን «ቆፋሪዎች»፣ ማለትም ይህን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር የሚያመርቱ ድርጅቶች፣ ከውኃ የመነጨ ኤሌክትሪክ በመቶዎች ሜጋ ዋት እየወሰዱ ነው። የሚያመርቱት ቁጥር ሚዛን ላይ አይወጣም፤ የሚበሉት ግን የግድብ ውኃ ነው። በዚያው አገር ብዙ የጎጃም ቤት ዛሬም በኩበት ያበስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ግን ሒሳቡ ራሱ ነው። ምግቡ፣ ውኃውና ብረቱ ባለበት ቆሞ አገልግሎቱ ብቻ እያደገ ኢኮኖሚው በዓመት 3 በመቶ ይጨምር እንበል። በ156 ዓመት ገደማ 100 እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ምግብ ከኢኮኖሚው 30 በመቶ ከሆነ ያኔ 0.3 በመቶ ነው፤ ሌላ 156 ዓመት ሲጨመር ከምንም አይቆጠርም። በዚያ ዓለም አንድ መካከለኛ ነጋዴ የአንድ ቀበሌን የዓመት ጤፍ በጥቂት ቀን ትርፉ ጠቅልሎ ሊገዛ ይችላል። የአዴት ባለ ጤፍ ይህን እያየ በዚያ ዋጋ ይሸጣል? ሰው ያለ ፊልም ያድራል፤ ያለ እንጀራ አያድርም። ባለ ጤፉ ዋጋውን ይሰቅላል፤ የምግብ ድርሻም ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ዕድገት የተባለውም የዋጋ ንረት ሆኖ ይቀራል። ክብደት የሌለው ክፍል ክብደት ያለውን ጥሎ ለዘላለም መሄድ አይችልም።

«መጀመሪያ እንበልጽግ፣ ኋላ እናጸዳለን»

የሠራበት ቦታ አለ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ቀርቷል፤ የኦዞን ሽፋንን የሚበሉ ጋዞች በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ተገትተዋል። እነዚህ መልቀቅ ሲቆም ቀስ በቀስ የሚጠሩ ናቸው፤ ምትካቸውም ርካሽ ነበር። አፈር እንዲህ አይደለም።

በአገራችን ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚታጠብ ሲጠቀስ የኖረ ግምት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር በሄክታር 12 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚታረሰው 15 ሳንቲ ሜትር በ43 ዓመት ያልቃል ማለት ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢ በ5 በመቶ ቢያድግ በየ14 ዓመቱ እጥፍ፣ በ42 ዓመት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ቀጠሮዎች በአንድ ዓመት ልዩነት ይገናኛሉ። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ሜዳው ላይ ያንሳል፣ የጮቄ ግርጌ ተዳፋት ላይ ይበልጣል፤ ከሥር የሚፈጠረው አዲስ አፈር ሲታሰብም ጊዜው ይረዝማል። የሚረዝም ቀጠሮ ግን የተሰረዘ ቀጠሮ አይደለም።

መበልጸግን መጠበቅ ግዴታ እንዳልሆነ ደግሞ ደምበጫ አጠገብ ያለው አንጀኒ ያሳያል። 113 ሄክታር በሆነው ተፋሰስ ከ1984 ጀምሮ የአፈር መከላት እየተለካ፣ በ1986 ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራበት፤ ያኔ አገሪቱ በዓለም ከመጨረሻዎቹ ድሆች አንዷ ነበረች። ተዳፋቱን አቋርጦ ግማሽ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፤ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል፤ ከአንዱ እርከን እስከ ቀጣዩ ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። በየዓመቱ ከላይ የሚወርደው አፈር ከጠርዙ ኋላ እየተከማቸ ተዳፋቱ ራሱ ወደ መደብ ይለወጣል። አንጀኒ በዓመት ወደ 1,690 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚዘንብባት ቦዩ ፍጹም ደልዳላ ከሆነ ሞልቶ ይጥሳል፤ ስለዚህ ትርፍ ውኃ ወደ ማፋሰሻ እንዲሄድ በመቶ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ዘንበል ይደረጋል። ችግሩም ይታወቃል፤ ከጠርዙ ኋላ ውኃ ይተኛና ሰብል ያበላሻል፤ እርከኑ መሬት ይበላል፤ በሬ ማዞር ያስቸግራል፤ ከብት ከተለቀቀበት ጠርዙ ይናዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት አይጨምርም፤ ብዙ ቦታ ገበሬው ያፈረሰው ለዚህ ነው። ወጪው ጉልበት ነበር፤ ስምንት እጥፍ ገቢ አልጠየቀም።

ስለ ግፉ

በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አንለያይም። የአንድ ኢትዮጵያዊ የካርቦን ልቀት በዓመት 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም፤ የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ያህል ነው። በኩበት የምታበስልን እናት «ፍጆታሽን ቀንሺ» የሚል ሰው ቢኖር ነውር ነው። በጤና ጣቢያ፣ በመንገድ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጥሩ ዘር ጎጃም ገና ብዙ ማደግ አለበት።

ግን ከራሳቸው መነሻ እንሂድ። ቦታው ወሰን ከሌለው ሀብታሙ ምንም መልቀቅ የለበትም፤ ሁሉም ይጠብቅ፣ ለሁሉም ይደርሳል ነው መልሱ። ወሰን ካለው ግን 14 ቶኑ የ0.2 ቶኑን ድርሻ ይዟል፤ የመጠየቅ መብት የሚኖረንም ያኔ ነው። «ወሰን የለም» የሚለው ክርክር ለድሃ የቆመ ይመስላል፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን የሚጠቅመው ቀድሞ ለተቀመጠው ነው።

ጸሐፊው መልሰው ከጻፉ ከ40 ኩንታሉ ጎን አራት ቁጥር እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ፦ የማሳው ፒኤች፣ የፖታሲየሙ መጠን፣ የአፈሩ ጥልቀት፣ ለአንድ ኩንታል በቆሎ የገባው ማዳበሪያ በኪሎ። ከአንድ ቀበሌ፣ ከተመሳሳይ ማሳዎች፣ የአሥር ዓመት መዝገብ ይበቃል። ምርቱ 40 ላይ ቆሞ ወይም ጨምሮ፣ ፒኤቹ ሳይወርድ፣ አፈሩ ሳይሳሳ፣ የማዳበሪያው ኪሎ እየቀነሰ ከተገኘ፣ ቢያንስ ስለዚያ ቀበሌ ተሸንፌያለሁ። ፒኤቹ እየወረደ ማዳበሪያው እየጨመረ ከሆነ ግን ጎጃምን ከምስክሮቻቸው ዝርዝር ያውጡልን።